ሙሶሊኒ የሊቢያን የነፃነት ጥያቄ እንዴት ነበር የሚያየው? «የእስልምና ሰይፍ» እና የሶሉክ ገመድ

ቀለም ወዳድ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሙሶሊኒና ስለ ሊቢያ ሁለት ነገር አልገጥም ብሎኛል። በአንድ ወገን የሲሬናይካን (የምሥራቅ ሊቢያን) ሕዝብ ከነከብቱ ነድቶ ሽቦ ውስጥ ያጎረ፣ የተቃውሞውን መሪ፣ ሽማግሌውን ዑመር አል ሙኽታርን የሰቀለ አገዛዝ አለ። በሌላ ወገን ያው ሰው በ1937 ትሪፖሊ ላይ በፈረስ ተቀምጦ «የእስልምና ሰይፍ» ይቀበላል፤ ሬዲዮውም ለአረቦች ነፃነት ሲሰብክ ይውላል።

ጭካኔው የሙሶሊኒ የራሱ አቋም ነበር ወይስ የግራዚያኒ? ካምፖቹስ በተግባር እንዴት ነበር የሚሠሩት? የአረቦችን ነፃነት ደግፏል የሚባለው ውሃ ያነሳል? ከእኛ ከአምስቱ ዓመት ጋር የሚያገናኘው ነገር ካለም ብታክሉበት ደስ ይለኛል። ቁጥርና ቀን ያለበት መልስ ነው የምፈልገው።

ብራና፦

ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከሥሩ እንጀምር። ሊቢያን የወረረው ሙሶሊኒ አይደለም። ጣሊያን ትሪፖሊ ላይ ጦር ያወረደችው በኦክቶበር 1911 ነው። ያን ጊዜ ሙሶሊኒ የፎርሊ ሶሻሊስት ነበር፤ ጦርነቱን በመቃወም ሕዝብ አነሳስተሃል ተብሎ አምስት ወር ታስሯል። በኋላ የሠራውን ለሚያውቅ ለማመን የሚከብድ ነው፤ ግን የሆነ ነገር ነው።

ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሮም አቅም ስላጠራት ድርድር ውስጥ ገባች። በ1919 ለትሪፖሊታኒያም (ለምዕራብ ሊቢያ) ለሲሬናይካም ለየብቻ መሠረታዊ ሕግ ወጣላቸው፤ የአገሬው ሰው የሚመረጥበት ምክር ቤትና የዜግነት መብት የሚሰጥ ሕግ ነበር። በኦክቶበር 1920 ደግሞ በአር ረጅማ ስምምነት የሰኑሲያው መሪ ኢድሪስ «አሚር» ተብሎ በኩፍራ፣ በጃሉ፣ በአውጂላ፣ በጃግቡብና በአጅዳቢያ ላይ የራስ አስተዳደር ተሰጠው። ሰኑሲያ ለማያውቅ፦ በ19ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተ የሱፊ ማኅበር ነው። ዛዊያ በሚባሉ ማዕከላቱ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያና የእርሻ መሬት አንድ ላይ ነበሩ። ለሲሬናይካ ዘላን ሃይማኖቱም፣ ዳኛውም፣ ግምጃ ቤቱም ያው ነበር።

ስምምነቱ መሸርሸር የጀመረው ሙሶሊኒ ሥልጣን ከመያዙ በፊት ነው። ገዢው ቮልፒ በጃንዋሪ 1922 ምስራታ ላይ ጦር አውርዶ ነበር፤ ሙሶሊኒ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ ነው። ኢድሪስ በዲሴምበር ወደ ግብፅ ወጣ፤ በ1923 ከሰኑሲያ ጋር የተደረጉት ስምምነቶች በሙሉ ተሰረዙ።

ሙሶሊኒ ከቀደሙት የሚለይበት ቦታ እዚህ ነው። ለእነሱ ሰኑሲያ ጠላትም ነው፣ ሲያስፈልግ የሚደራደሩትም ወገን ነው። በሙሶሊኒ ዘመን ግን ሊቢያዊ ወይ «የተገዛ» ነው ወይ «ዓመፀኛ»፤ ሦስተኛ ስም የለውም። ነፃነት የሚጠይቅ ወገን እንደ ወገን አይቆጠርም። ይህ የስያሜ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓመፀኛ የተባለ ሰው ሲማረክ የጦር ምርኮኛ አይሆንም፤ የሚቀርበው ለልዩ ፍርድ ቤት፣ የሚጠብቀውም ገመድ ወይም ጥይት ነው።

ይህ አመለካከት በ1929 ሲሠራ ይታያል። ባዶሊዮ በጃንዋሪ የትሪፖሊታኒያና የሲሬናይካ ገዢ ሆኖ መጣ፤ በጁን ሲዲ ራሁማ በተባለ ቦታ ከዑመር አል ሙኽታር ጋር ተገናኘ። ተኩስ ቆመ። ሙኽታር የመጣው ሊደራደር ነው፤ ባዶሊዮ ለሮም ያስተላለፈው ግን «ተገዛ» ብሎ ነው። ተገዛ የተባለ ሰው የስምምነት ጥያቄ ማቅረብ ስለማይችል ንግግሩ አንድ እርምጃ አልሄደም፤ በኖቬምበር ተኩሱ ቀጠለ።

«ግራዚያኒ ነው ወይስ ሙሶሊኒ?» ለሚለው የትእዛዙን መስመር ተመልከቱ። ከላይ ሙሶሊኒ ራሱ አለ፤ ከዲሴምበር 1928 እስከ ሴፕቴምበር 1929 የቅኝ ግዛት ሚኒስትርነቱንም ደርቦ ይዞ ስለነበር ባዶሊዮን የላከው በዚያ ወንበር ላይ እያለ ነው። ከሱ ሥር ከሴፕቴምበር 1929 ጀምሮ ሚኒስትሩ ደ ቦኖ፣ ከዚያ ገዢው ባዶሊዮ፣ ከማርች 1930 ጀምሮ ደግሞ የሲሬናይካ ምክትል ገዢው ግራዚያኒ። ብዙ ጽሑፍ ግራዚያኒን «የሊቢያ ገዢ» ይለዋል፤ ስህተት ነው። ስህተቱ ሌሎቹን ነፃ ስለሚያወጣ ቀላል አይደለም። በጁን 20 ቀን 1930 ባዶሊዮ ለግራዚያኒ በጻፈው ደብዳቤ በታጣቂዎቹና በተገዛው ሕዝብ መካከል ሰፊ የመሬት ክፍተት መፈጠር እንዳለበት አዘዘ። እርምጃው የተገዛውን ሕዝብ እንደሚያጠፋ እንደማይደብቅ፣ ነገር ግን መንገዱ ከተያዘ የሲሬናይካ ሕዝብ በሙሉ ቢያልቅ እንኳ እስከ መጨረሻው መሄድ እንዳለበት በግልጽ አስፍሯል። ግራዚያኒ ይህን የፈጸመ እጅ ነው፤ ሐሳቡ ከላይ የጸደቀ ነው።

ሰገነት፦

ካምፖቹ እንዴት ይሠሩ ነበር ለሚለው እኔ ልመልስ።

መጀመሪያ የጣሊያኖቹን ችግር መረዳት ያሻል። ሙኽታር በአንድ ጊዜ የሚያሰልፈው ጠመንጃ አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ከጀበል አኽዳር፣ ከአረንጓዴው ተራራ፣ ያላስነቀለው ነገር የተገዛው ሕዝብ ነው። በቀን ለጣሊያን ያደረው ነገድ በሌሊት ለሙኽታር ዘካ ይከፍላል፣ ጥይት ያቀብላል፣ የሞተውን ተዋጊ በልጁ ይተካል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው «የሌሊት መንግሥት» ይሉት ነበር። ስለዚህ የግራዚያኒ ስሌት ተዋጊውን ማሳደድ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ሕዝብ ማንሳት ሆነ።

አካሄዱ በቅደም ተከተል ነው። በ1930 ጸደይ የተገዙት ነገዶች ጠመንጃቸውን ተነጠቁ። በሜይ መጨረሻ ዛዊያዎቹ ተዘጉ፣ ሼሆቻቸው ተይዘው ወደ ኡስቲካ ደሴት ተጋዙ፣ ንብረቱ በዓመቱ መጨረሻ በአዋጅ ተወረሰ። ዳኞቹን በአውሮፕላን እየጫነ ከቦታ ቦታ የሚዞር ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ታጣቂ የረዳ፣ መሣሪያ የደበቀ፣ ዘካ የከፈለ በዚያው በሰፈሩ፣ በዘመዶቹ ፊት ይፈረድበትና ይገደል ነበር።

ከጁን 1930 ጀምሮ ማንሳቱ መጣ። ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ ሴት ሕፃን ሳይል፣ ከነድንኳኑና ከነመንጋው በእግሩ ከተራራው ወርዶ ከቤንጋዚ ደቡብ እስከ ሲርት ባሕረ ሰላጤ በሚዘረጋው ደረቅ ጠረፍ ታጎረ። የትልልቆቹ ካምፖች ስም ሶሉክ፣ ሲዲ አህመድ አል መግሩን፣ ማርሳ ብሬጋና አል አጌላ ነው። አል አጌላ የታጣቂ ዘመድ ያላቸው የሚወሰዱበት የቅጣት ካምፕ ነበር። ዙሪያው በእሾህ ሽቦ ታጥሮ ድንኳን በረድፍ ይተከላል፤ መውጣት በፈቃድ ነው፤ ግጦሽ ከካምፑ አጠገብ ብቻ።

ሞቱን ያበዛው ይህ የግጦሽ ክልከላ ነው። ዘላን የሚኖረው መንጋው ዝናብ ተከትሎ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ተራራውና ሜዳው እየተፈራረቁ ይመግቡታል። መንጋውን አንድ ደረቅ ቦታ ላይ ስታቆመው በሳምንታት ውስጥ ዙሪያውን ይጨርሳል፣ ከዚያ ያልቃል። መንጋው ሲያልቅ ወተቱ፣ ሥጋው፣ የድንኳን ጠጉሩ፣ ለእህል የሚሸጠው ሁሉ አብሮ ያልቃል። የቀረው የካምፑ ራሽን ነው፤ እሱ አይበቃም። በተዳከመ ሰውነት ላይ ታይፈስና ተቅማጥ ገቡ። በካምፑ ሕዝብን በጥይት መጨረስ አላስፈለገም፤ ከሚኖርበት ሥርዓት ነጥሎ ማስቀመጡ በቂ ነበር። በጎችና ፍየሎች ከአሥር ዘጠኝ እጃቸው አልቋል።

በ1931 ደግሞ ከባርዲያ ወደብ እስከ ጃግቡብ ድረስ በግብፅ ድንበር 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የእሾህ ሽቦ አጥር ተዘረጋ። ስንቅና ጥይት ከግብፅ ይገባ ስለነበር ያቺን በር መዝጊያ ነው። የመርዝ ጋዝም ቀድሞ ነበር፦ በጁላይ 31 ቀን 1930 ታዘርቦ የተባለችው የበረሃ ገነት ስትደበደብ እያንዳንዳቸው 21 ኪሎ የሚመዝኑ 24 የሰናፍጭ ጋዝ ቦምቦች ተጥለውባታል። ጣሊያን ይህን የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ያጸደቀችው በ1928 ነው። በጃንዋሪ 1931 ኩፍራ ተያዘች፤ በበረሃው የሚሸሸውን ሕዝብም አውሮፕላን አሳደደው።

ሙኽታር በሴፕቴምበር 11 ቀን 1931 ተያዘ። የያዙት በጣሊያን ሥር ያገለግሉ የነበሩ የሊቢያ ፈረሰኞች ናቸው፤ ፈረሱ ተመትቶበት ነበር። በ15ኛው ቤንጋዚ ላይ ለፍርድ ቀረበ፣ በአንድ ምሽት አለቀ። በ16ኛው ማለዳ ሶሉክ ካምፕ ውስጥ፣ ከየካምፑ በተሰበሰበ 20 ሺህ ያህል ሰው ፊት ተሰቀለ። ዕድሜው ሰባ ዓመት አልፎ ነበር። የስቅላቱ ቦታ አስቀድሞ የታሰበበት ነው፤ የታጎረው ሕዝብ እንዲያየው። በብዙ ገጽ ላይ «ቤንጋዚ ተሰቀለ» የሚባለው የፍርዱን ከተማ ከስቅላቱ ቦታ ጋር ከማምታታት የመጣ ነው። ባዶሊዮ በጃንዋሪ 24 ቀን 1932 ዓመፁ አበቃ ብሎ አወጀ።

ምንጭ ፈላጊ፦

ስለ ሟቾቹ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው የተምታታ ስለሆነ።

ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አሉ፤ ሰው አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፋል። የተጋዙት ወደ 100 ሺህ ናቸው። የሞቱት፣ የጣሊያን ተመራማሪዎች በወግ አጥባቂ ስሌት 40 ሺህ አካባቢ ያደርሱታል፤ ከሊቢያ ወገን የሠሩት 60 ሺህና ከዚያ በላይ ይላሉ። ሦስተኛው የሕዝብ ቆጠራ ልዩነት ነው፦ በ1911 የኦቶማን ቆጠራ ሲሬናይካ ውስጥ ወደ 198 ሺህ ሰው ነበር፤ በ1931 የጣሊያን ቆጠራ የአገሬው ሰው 142 ሺህ ገደማ ሆነ። ይህን 56 ሺህ ልዩነት እንዳለ «የካምፕ ሟች» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። በመካከሉ ወደ ግብፅ የተሰደደ ሺዎች አሉ፣ የ1910ዎቹ ረሃብና ጦርነት አለ፤ በሌላ በኩል በሃያ ዓመት ውስጥ መወለድ የነበረባቸው ሰዎች አልተቆጠሩም። ልዩነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይስታል። የምትጽፉ ከሆነ «የተጋዙ» እና «የሞቱ» የሚሉትን ቃላት አትለዋውጡ፤ የሞቱትንም በአንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ስጡ። እያንዳንዱ ሟች ስም የነበረው ሰው ነው፤ ቁጥሩን ማጋነንም ማሳነስም እሱን መበደል ነው።

ሰገነት፦

ልክ ነው። እኔም «አልቋል» ያልኩት የከብቱን ነው።

ዘመን ቆጣሪ፦

የቀን አቆጣጠር ሁለት ወጥመድ አለው፤ ጠያቂው በአማርኛ የሚጽፍ ከሆነ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ሙኽታር የተያዘበትና የተሰቀለበት ቀን በእኛ አቆጣጠር በሁለት የተለያዩ ዓመታት ይወድቃሉ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1931 ጳጉሜን 6 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ ያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት የሆነበት ነበር። ስቅላቱ መስከረም 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ይሆናል። ስምንትና ሰባት እየቀነሰ በጭፍን የሚያሰላ ሰው ወይ በአንድ ዓመት ወይ በአንድ ቀን ይስታል።

ሁለተኛው ቀን ማስላት ብቻ አይደለም። ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ ሰይፉን የተቀበለው በማርች 1937 ነው፤ በእኛ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ሁለተኛ ሳምንት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሆነውን እዚህ ለማንም መንገር አያስፈልግም። አዲስ አበባ በሦስት ቀን ከታረደች ወር ሳይሞላ ነው ይህ ሰው የሙስሊሙ ዓለም ጠባቂ ነኝ ብሎ ፈረስ ላይ የወጣው። በዚያ ንግግሩ ደግሞ ሰላም፣ ፍትሕና ለነቢዩ ሕግ አክብሮት ቃል የገባው ለሊቢያ ሙስሊሞች ብቻ አልነበረም፤ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞችም ጭምር ነው። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ካላነበባችሁ ንግግሩ ምን እንደሆነ አይገባም።

ብራና፦

ዘመን ቆጣሪ ያነሳውን ይዤ ስለ ሰይፉና ስለ «ነፃነት ደጋፊነቱ» ልግባ።

ሰይፉ የሙስሊም ዓለም ስጦታ አይደለም፤ ፍሎረንስ ከተማ የተሠራ ነው። ሥነ ሥርዓቱን ያዘጋጀው የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ነው፤ ገዢው ኢታሎ ባልቦ ነበር። ሙሶሊኒ ሊቢያ የመጣበት ምክንያት ከቱኒዚያ ድንበር እስከ ግብፅ ድንበር የተዘረጋውን ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ የጠረፍ መንገድ ለመመረቅ ነው። ያ መንገድ በግብፅ በኩል እንግሊዝን ለመውጋት ያለው ጥቅም ለማንም ግልጽ ነበር፤ ሰይፉም የዚያው ፖሊሲ ሌላ ክፍል ነው።

ሬዲዮ ባሪ በ1934 በአረብኛ ማሰራጨት ጀመረ። ዜናው፣ ሙዚቃው፣ የቁርኣን ንባቡ ጥሩ ተሠርቶ ነበር፤ በፍልስጤም፣ በግብፅ፣ በሶሪያ ቡና ቤቶች ይደመጥ ነበር። መልእክቱ እንግሊዝና ፈረንሳይ አረቦችን እንደሚረግጡ ነው፤ ሐሰት አልነበረም፣ የሚያደምጠውም ለዚህ ነው። ኃይሉን ለመለካት አንድ ነገር ይበቃል፦ ቢቢሲ የመጀመሪያውን የባዕድ ቋንቋ ስርጭቱን በጃንዋሪ 1938 በአረብኛ የከፈተው ባሪን ለመመከት ነው። በኤፕሪል 1938 ሙሶሊኒ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋል፣ ኢትዮጵያን መያዙ እውቅና እንዲያገኝለት፣ ያንን ፕሮፓጋንዳ ሊያለዝብ ተስማማ። የአረቦችን ጥያቄ በኢትዮጵያ ለወጠው ማለት ነው።

በሕንድም ተመሳሳይ ነው። ጋንዲ በዲሴምበር 1931 ሮም ላይ ሙሶሊኒን አግኝቶታል፤ ሙኽታር ከተሰቀለ ሦስት ወር ነው። በዲሴምበር 1933 የእስያ ተማሪዎች ጉባኤ ሮም ላይ ሲደረግ ሙሶሊኒ ራሱ ስለ ምሥራቅና ምዕራብ መቀራረብ ተናግሯል። የሲሬናይካ ቁስል ያን ጊዜ ገና አልደረቀም ነበር።

ስለዚህ ድጋፉ ድንበር አለው፤ ድንበሩም በካርታ ላይ ይታያል። እንግሊዝ የያዘው አገር ነፃ ይውጣ ይላል። ፈረንሳይ የያዘው ነፃ ይውጣ አይልም፤ ቱኒዚያን ለራሱ ይፈልጋታል። በኖቬምበር 30 ቀን 1938 የሮም ምክር ቤት አባላት «ቱኒስ!» እያሉ የጮኹትን አስታውሱ። በጃንዋሪ 1943 ሀቢብ ቡርጊባን ከፈረንሳይ እስር ወጥቶ ሮም ሲያስተናግዱትም የፈለጉት ጣሊያንን እንዲደግፍላቸው ነበር፤ እሱ የቱኒዚያ ነፃነት ይታወጅ ብሎ አልሸጥላቸው አለ። ሙሶሊኒ ራሱ የያዛት ሊቢያ ደግሞ ጭራሽ በጥያቄው ውስጥ የለችም። ከሁሉም የሚበልጥ ማስረጃ የኤፕሪል 1942ቱ ደብዳቤ ነው፦ የጣሊያንና የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ቻኖና ሪበንትሮፕ ለቀድሞው የኢራቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ለራሺድ ዓሊ አል ጋይላኒና ለኢየሩሳሌሙ ሙፍቲ የሰጡት የነፃነት ተስፋ በእንግሊዝ ጭቆና ሥር ላሉ የቅርብ ምሥራቅ አረብ አገሮች ብቻ ነው። ያውም በምስጢር እንዲያዝ ተብሎ። ሊቢያ፣ ቱኒዚያ፣ አልጄሪያ የሉበትም።

ሌላው የሊቢያው ሕግ ነው። በጃንዋሪ 9 ቀን 1939 አራቱ የጠረፍ አውራጃዎች፣ ትሪፖሊ፣ ምስራታ፣ ቤንጋዚና ደርና፣ የጣሊያን መንግሥት ግዛት አካል ሆኑ። ለሙስሊሙ ነዋሪ «ልዩ የጣሊያን ዜግነት» ወጣ። ባልቦ ከዚያ ሰፋ ያለ ነገር ይፈልግ ነበር፤ የዘር ሕጎቹ በወጡበት ማግስት ግን ሮም አልፈቀደችም። ልዩ ዜግነቱ የሚሠራው ሊቢያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሙሉ ዜግነት የማግኛውም መንገድ አብሮ ተዘጋ። መሬቱ ጣሊያን ሆነ፣ ሰውየው ጣሊያናዊ አልሆነም። ያው ሰሞን፣ በ1938 መጨረሻ፣ 20 ሺህ ያህል ጣሊያናውያን ሰፋሪዎች በአንድ ጉዞ መጥተው ነበር፤ ከፊሎቹ የሰፈሩት ሕዝቡ በ1930 በተነሳበት በጀበል አኽዳር ነው። ነገሩን በዚህ ቅደም ተከተል ስታዩት የካምፑና የሰይፉ ፖሊሲ አንድ ሆኖ ይገጥማል። መጀመሪያ ጠያቂውን ሕዝብ ከመሬቱ ማንሳት፣ ከዚያ ለተረፈው ጠባቂነትን መስጠት፤ ከዚያ በላይ ለሚጠይቅ ምንም።

ቀለም ወዳድ (ጠያቂ)፦

እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። አንድ ልጨምር። ኤርትራውያን አስካሪዎች ሊቢያ ላይ ተዋግተዋል፣ ሊቢያውያንም እኛ ላይ መጥተዋል ይባላል። ይህ እንዴት ነበር የተደራጀው?

ሰገነት፦

እውነት ነው፤ የአጋጣሚም አይደለም።

ከ1912 ጀምሮ የኤርትራ አስካሪ ሻለቆች በምጽዋ በኩል በመርከብ ወደ ሊቢያ ይላኩ ነበር። ከሻለቆቹ ውስጥ መረብን ተሻግረው ከትግራይና ከዚያም ወዲህ ከመጡ የተቀጠሩ ብዙዎች ነበሩ። ለሊቢያ በብዛት የሚመረጡት ክርስቲያኖቹ ናቸው፤ ሙስሊም ወታደር ሙስሊሙን ከሚወጋ ይከዳል የሚል ስጋት ነበር። በሲሬናይካው ዘመቻ የግራዚያኒ ዋና እግረኛ እነዚህ ሻለቆች ናቸው። በ1936 ጸደይ ደግሞ በኦጋዴን ግንባር «ሊቢያ» የተባለ ክፍለ ጦር በጣሊያናዊው ጄኔራል ናሲ እየተመራ ወደ ሐረር ዘመተ። ካምፕ የታጎረ ሕዝብ ልጅ፣ ሥራም እንጀራም በሌለበት አገር፣ የሚከፈለው ደሞዝ የጣሊያን ጦር ብቻ ሆኖ ነው የመጣው።

በደብረ ሊባኖስ ተመሳሳዩን ስሌት ታያላችሁ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በጄኔራል ማሌቲ እጅ መነኮሳቱን ሲያስፈጅ የተመረጡት ሙስሊም ወታደሮች ናቸው። የጣሊያኖቹ የራሳቸው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት ይላል፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ቁጥሩን ከሺህ በላይ ያደርሰዋል። ሊቢያ ላይ ክርስቲያን በሙስሊም ላይ፣ እዚህ ሙስሊም በክርስቲያን ላይ። ይህን እያነሱ እርስ በርስ መካሰስ ያኔ የታሰበላቸውን ዛሬ መፈጸም ነው፤ መራጩ ማን እንደነበር በትእዛዙ ላይ ተጽፏል።

የሰዎቹም መስመር ያው ነው። በ1935 ወረራውን የጀመረው ደ ቦኖ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ባዶሊዮ፣ ከሱ በኋላ እንደራሴ የሆነው ግራዚያኒ፤ ሦስቱም ብራና በጠቀሰው የ1930 የትእዛዝ መስመር ላይ አሉ። የሙሶሊኒ ቴሌግራሞችም ሳይደባበቁ ይናገራሉ፦ በጁን 5 ቀን 1936 የተያዙ ዓመፀኞች ይረሸኑ፣ በ8ኛው ዓመፀኛን ለመጨረስ ጋዝ ይጠቀሙ፣ በጁላይ 8 በዓመፀኛውና በተባባሪው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ ይካሄድ። «ዓመፀኛ» የሚለው ቃል ከሲሬናይካ እንዳለ ተሻግሯል። አርበኛውን የጦር ምርኮኛ ላለማድረግ ያገለገለውም ያው ቃል ነው። ኢትዮጵያውያን የታጎሩባቸው ካምፖች፣ በሶማሊያ ዳናኔና በኤርትራ ኖኩራም፣ የአል አጌላ ወንድሞች ናቸው።

አንድ ልዩነት ግን ይያዝ። በኤፕሪል 19 ቀን 1937 የወጣው፣ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚቀጣው አዋጅ የተጻፈው በምሥራቅ አፍሪካ ተገዢዎች ላይ ነው። የሊቢያን ሰው በዚያ መሰላል አንድ እርከን ከፍ አድርገው አስቀምጠውት ነበር። መሰላሉን የሠራው ሰው በማንኛውም እርከን ላለ ሕዝብ ራስን ማስተዳደር የሚል ነገር አላሰበም።

ምንጭ ፈላጊ፦

አቋሙ ከሙሶሊኒ ጋር አልሞተም ለማለት ያህል ይህን ልጨምር። በፌብሩዋሪ 1947 የሰላም ውል ጣሊያን ሊቢያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን ተወች። በ1949 ግን የሪፐብሊኩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስፎርዛ ከእንግሊዙ ቤቪን ጋር ሊቢያን ለሦስት የሚከፍል እቅድ አቀረቡ፦ ትሪፖሊታኒያ በጣሊያን፣ ሲሬናይካ በእንግሊዝ፣ ፌዛን በፈረንሳይ ሞግዚትነት። ከምዕራቡ አውራጃ በቀር ኤርትራ ለኢትዮጵያ የምትሰጠውም በዚሁ እቅድ ነበር። በሜይ 1949 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የትሪፖሊታኒያው አንቀጽ በአንዲት ድምፅ ጎድሎ ወደቀ፤ የሃይቲ ተወካይ የሰጠው የተቃውሞ ድምፅ ወሳኝ ሆነ፣ ሙሉ እቅዱም አብሮ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 21 የሊቢያ ነፃነት ተወሰነ፤ በዲሴምበር 24 ቀን 1951 ታወጀ። ንጉሡ በ1922 ወደ ግብፅ የወጣው ኢድሪስ ነው።